ማዞሪያውን የነካው ማን ነው

ጃንዋሪ 9፣ ሐሙስ

ከዛሬ ጀምሮ ሁሉንም ነገር ከነቀኑ እጽፋለሁ። ነገ «ኧረ እኛ እንደዛ አላልንም» ሲመጣ የማሳየው እንዲኖረኝ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል።

የጊታር ፔዳሌ ሞተ። ሃያ ሁለት ዓመት በእግሬ የረገጥኩት ጥቁር ሳጥን። ጊታሩን ወደ መጋዝ የሚቀይርልኝ እሱ ነበር፤ ያለ እሱ ሙስታ ኩርኪ የሚባል ባንድ የለም፣ ያለነው ሦስት ቦርጫም ሰዎች ብቻ ነን። አልተቃጠለም፣ መብራቱ ይበራል። ድምፁ ግን ብርድ ልብስ የለበሰ ሆኗል፤ ጥርሱ ረግፏል። ለኦስሞ ነገርኩት። «ለእኔ እንደ ድሮው ነው» አለኝ። ኦስሞ ባንዱን አብሮኝ የመሠረተ ሰው ነው፤ ይዘፍናል፣ ሁለተኛውን ጊታርም ይጫወታል። ከበሮ መቺያችን ራውኖ ደግሞ ትከሻውን ሰበቀ።

ያም ሆነ ይህ ተስማማን። ማርች 22 ስቱዲዮ እንገባለን፣ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ። እኔና ኦስሞ አንድ ዓይነት ፔዳል ይኖረናል፤ መራጩ እኔ ነኝ። የባንዱን ድምፅ ድሮም የመረጥኩት እኔ ነኝ። እንደ እኔ ያለ ጣት በየከተማው ሞልቷል፤ እኔን እዚህ ባንድ ውስጥ ያቆየኝ ጆሮዬ ነው። ይህን ኦስሞ ራሱ በሰው ፊት ብሎታል።

ጃንዋሪ 11፣ ቅዳሜ

የሳሙሊ የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ። አራት ሞከርኩ። አንደኛው ጭቃ። ሁለተኛው ጭቃ። ሦስተኛው የባሰ ጭቃ። አራተኛው፣ ብርማው፣ ትሬብሉን፣ የቀጭኑን ድምፅ ማዞሪያ፣ ዘጠኝ ላይ ሳደርሰው ጥርስ አወጣ። ደስ አለኝ፣ እውነቴን ነው፤ ከወራት በኋላ የራሴን እጅ የሰማሁ መሰለኝ። ዞር ስል ሳሙሊ ከባንኮኒው ጠፍቷል። በር ላይ ቆሞ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፏል። ስልኩ ሲጠራ አልሰማሁም።

ተመልሶ መጣና «ከአስር ዘጠኝ አልበዛም?» አለኝ።

«አንተ ሻጭ ነህ ወይስ አስተማሪ?»

ሳቀ፤ ግን ዓይኔን አላየም። ፔዳሉ የመጣበት ካርቶን በቴፕ ተለጥፎ ነበር። ከእኔ በፊት አንድ ሰው ከፍቶታል ማለት ነው። ማን?

ጃንዋሪ 16፣ ሐሙስ

ምሳ የአተር ሾርባ፣ እንደ ሐሙስ ሁሉ። ከዚያ ልምምድ። የቦምብ መጠለያው ውስጥ፣ ያው ከራውኖ እናት ሕንፃ ሥር፣ የብረቱን በር ዘግተን።

ብርማውን ሰካሁ፣ ዘጠኝ ላይ አደረግኩ፣ መታሁ። ራውኖ የከበሮ ዱላውን ጣለ። ራውኖ ዱላ ሲጥል ያየሁት አንዴ ነው፣ ያውም ልጁ የተወለደ ቀን።

«እንዴት ነው?» አልኩ።

ኦስሞ የጊታሩን ማንገቻ እያስተካከለ ቆየ። «ኃይለኛ ነው።»

«ጥሩ ነው ማለት ነው?»

«ኃይለኛ ነው አልኩህ እኮ።»

አልወደደውም። አልወደደውም ግን አይናገርም። የሆዱን በሆዱ ይዞ ይኖራል። ለምን አይናገርም? የሚናገረው ለሌላ ሰው ስለሆነ ነው።

ጃንዋሪ 19፣ እሑድ

ልጄ ሄልካ ቅዳሜና እሑድ እኔ ጋ ነበረች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ቃሏን ትውጣለች። ሦስቴ «ምን አልሽ?» ካልኳት በኋላ «ተወው አባዬ» ትላለች። የምትደብቀኝ ነገር አለ። እናቷ አዲስ ሰው ይዛ ይሆናል።

ሳውናው አበሳጨኝ። የጋለው ድንጋይ ላይ ውሃ ስደፋ ሙቀቱ ይመጣል፣ ያ ቺሽሽ የሚለው ድምፅ ግን የለም። ድንጋዮቹን በመከር ነው የቀየርኳቸው። አሁን የሚሸጡት ድንጋይ እንኳ ድንጋይ አይደለም።

ጃንዋሪ 23፣ ሐሙስ

ቸኩዬ ነው የምጽፈው፣ በረዶ ጥሏል፣ መንገድ ልጠርግ ተጠርቻለሁ። ብርማው ደነዘ። ባለፈው ሳምንት ጥርስ ነበረው፣ ዛሬ የለውም። ጎንበስ ብዬ ሳይ ማዞሪያው ሰባት ላይ ነው።

እኔ ዘጠኝ ላይ ነው የተውኩት። እምላለሁ።

ጃንዋሪ 25፣ ቅዳሜ

ፔዳሉን ሳሙሊ ጋ መለስኩት። «ይህ አስመስለው የሠሩት ነው» አልኩት። ሰክቶ ሞከረው፣ ፊቱን አጨማደደ፣ ማዞሪያውን ወደ አራት አወረደና «በጣም ደህና ነው እኮ» አለ። አራት ላይ! አራት ላይ እኔ የሰማሁት የታጠበ ብርድ ልብስ ነው።

ቀዩን ሰጠኝ። ስወጣ «ኦስሞን ሰላም በልልኝ፣ ማክሰኞ መጥቶ ነበር» አለ።

ኦስሞ ማክሰኞ እዚህ ምን ሊሠራ መጣ? የፔዳሉ መራጭ እኔ አይደለሁም ወይ? «ምን ገዛ?» ብዬ ጠየቅኩት። «ጥቃቅን ነገር» አለ ሳሙሊ። በትንሽ የወረቀት ከረጢት። ጥቃቅን ነገር።

ጃንዋሪ 30፣ ሐሙስ

አሁን ነገሩ ግልጽ እየሆነ መጣ። ስገባ ሁለቱም የሱፍ ኮፍያ አጥልቀዋል፣ እስከ ጆሮ ድረስ ተስቦ የወረደ። መጠለያው ውስጥ ሃያ ሦስት ዲግሪ ነው፤ ራውኖ እንደ ፈረስ ያልበዋል። ኮፍያውን ግን አያወልቅም።

«በርዷችሁ ነው?»

ራውኖ ኦስሞን አየ። ኦስሞ ወለሉን አየ። «ፋሽን ነው» አለ ኦስሞ። ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ፋሽን ይላል።

ለአልበሙ ፎቶ ይሆናል። ሁለቱ በኮፍያ፣ እኔ በመላጣዬ። ወይም እኔ ፎቶው ላይ የለሁም። ማዞሪያው ዛሬም ወርዶ ነበር፣ ስምንት ላይ። ትንሽ ትንሽ ነው የሚያወርዱት፣ እንዳላውቅ። እኔን ቀስ በቀስ አደንዝዘው «የታርሞ ነገር አበቃለት» ለማለት ነው። እንዲህ ብሎ ማሰብ ያሳፍረኛል። ኦስሞ እኮ አባቴን ሲቀብሩ ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ ነው። ግን ማዞሪያ በራሱ አይዞርም።

ፌብሩዋሪ 4፣ ማክሰኞ

የበረዶ ጠራጊ መኪናዬን ማስጠንቀቂያ፣ ወደ ኋላ ስሄድ ጢጥ ጢጥ የሚለውን፣ ነቅለውታል። መካኒኩ ካውኮን ሄጄ ያዝኩት።

«ማን ነቀለው?»

«የቱን?»

«ጢጥ ጢጡን።»

መኪናው ውስጥ ገብቶ ወደ ኋላ አስገባው። ቆሞ ያየኛል። እኔም ቆሜ አየዋለሁ። «እየሠራ ነው እኮ» አለ።

ይቀልድብኛል። ፊቱ ላይ ግን ቀልድ አልነበረም፤ ግራ የተጋባ ሰው ይመስል ነበር። ካውኮ ድሮ ትያትር ይሠራ ነበር አሉ።

ፌብሩዋሪ 6፣ ሐሙስ

የደረጃው መግቢያ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። በሚያምር የእጅ ጽሑፍ፦ «መጠለያ ውስጥ ለምትለማመዱ። የሚያጓራውን ድምፅ ሃያ ዓመት ለምደነዋል፣ ቅር አይለንም። ጥርስ ውስጥ የሚገባው አዲሱ ፉጨት ግን ምንድን ነው? ውሻዬ አልጋ ሥር ገብቶ አልወጣ አለ። ሁለተኛ ፎቅ።»

ምን ፉጨት? እኛ ጋ ፉጨት የለም። የሁለተኛ ፎቋን ሴትዮ ኦስሞ ነው ያስጻፋት፤ ኬክ ይዞላት ሲገባ ድሮ አይቼዋለሁ። ወረቀቱን ቀድጄ ኪሴ ከተትኩ። ጆሮ ዳባ ልበስ ብያለሁ።

ፌብሩዋሪ 13፣ ሐሙስ

ያዝኳቸው።

ሄልካ ሻወር ቤት ከተወችው የጥፍር ቀለም ወስጄ ማዞሪያው ላይ ነጥብ፣ ሳጥኑ ላይ ነጥብ አደረግኩ። ዘጠኝ ላይ ሁለቱ ነጥቦች ይገናኛሉ። ሽንት ቤት ሄድኩ፣ ተመለስኩ። ነጥቦቹ ተለያይተዋል። የኔዋ ነጥብ ስድስት ላይ ተቀምጣለች።

 ዝም አይነቅዝም። ወደ ዘጠኝ መለስኩትና ሦስት ዘፈን ተጫወትን። ኦስሞ ግንባሩ ላይ ላብ ነበረው፤ የመጨረሻው ዘፈን ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የጨረሰው። ጥፋተኛ ሰው ዓይን ውስጥ ማየት አይችልም።

የሚያመኝ መንካቱ አይደለም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንዳችን የሌላውን ፔዳል ነክተን አናውቅም። የሰው ፔዳል አይነካም። የሰው ሚስት ብትነካ ይሻላል፤ እሱ ቢያንስ ይወራበታል።

ፌብሩዋሪ 14፣ ዓርብ

የጓደኝነት ቀን። ከኦስሞ መልእክት፦ «መልካም የጓደኝነት ቀን ሽማግሌው። አንድ ቀን ሁለታችን ብቻ ሳውና እንግባ?»

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በጓደኝነት ቀን መልእክት ልኮልኝ አያውቅም። አልመለስኩለትም።

ፌብሩዋሪ 25፣ ማክሰኞ



የገበያው አደባባይ ጋ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። በረዶውን ገፍቼ ወደ ኋላ እየሄድኩ ነበር። መስታወቱ ላይ ጭቃ ነበረበት። መኪናው ጎን ላይ ዷ አለ። አቆምኩ። ወረድኩ። አንዲት አሮጊት፣ በእግር የሚገፋ የበረዶ ጋሪዋ ከኋላ ጎማዬ ሥር ተጣጥፏል፣ እሷ ጎኑ ላይ በረዶው ውስጥ ቁጭ ብላለች። አልተነካችም። እግዚአብሔር ይመስገን አልተነካችም። ዷ ያደረገችው በዱላዋ ነው።

«ጮህኩብህ!» አለችኝ። «ከጎንህ ሆኜ ጮህኩብህ!»

አልጮኸችም። ብትጮህ እሰማ ነበር። መስኮቱ ክፍት ነበር።

ሌላ ሰው መጥቶ አነሳት። እሱም «ከድልድዩ ማዶ ሰምቻታለሁ» አለ። ሰው ሲያብር እንዲህ ነው። ቤት ገብቼ ግን ጫማዬን ሳላወልቅ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥኩ። የጋሪው እግር ቀይ ቀለም ነበረው። ያ ቀይ ቀለም ከዓይኔ አልጠፋ አለ። ካውኮ ጢጥ ጢጡን ባይነቅለው ትሰማ ነበር፣ ትሸሽ ነበር። እንደዛ ነው። ሌላ ሊሆን አይችልም።

ፌብሩዋሪ 27፣ ሐሙስ

ሰምተዋል። ኩኦፒዮ ትንሽ ከተማ ናት። ራውኖ ትከሻዬን ያዝ አድርጎ ለቀቀ፤ ከእሱ ይህ ንግግር ነው። ኦስሞ «ደህና ነህ?» አለ። «ለምን ደህና አልሆንም?» አልኩት።

ዛሬ ስልኬን ቀረጻ ላይ አድርጌ ማጉያው ላይ፣ ከጃኬቴ ሥር ተውኩት። «ሲጋራ ላጭስ» ብዬ ወጣሁ። ከተውኩ አራት ዓመቴ ነው፤ ማንም አላስታወሰም። ሩብ ሰዓት በረዶ ላይ ቆሜ ተመለስኩ። ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው ነበር።

ፌብሩዋሪ 28፣ ዓርብ

አምስት ጊዜ አዳመጥኩት። የብረቱ በር ሲዘጋ ጉም ይላል። የራውኖ ትልቁ ከበሮ አንዴ ድው ይላል። ከዚያ እም እም እም፣ ግድግዳ ማዶ እንዳሉ ሰዎች። ያንሾካሽካሉ። የደበቅኩት ስልክ ሳለ እንኳ ያንሾካሽካሉ። ካላወቁ ለምን ያንሾካሽካሉ?

ማርች 1፣ ቅዳሜ

ይህን በሥርዓቱ ልጻፍ።

ሄልካ መጣች። የወጣት ጆሮ ሹክሹክታ ይለያል ብዬ ስልኩን ሰጠኋት። «እነዚህ ሰዎች ስለ እኔ የሚሉትን ንገሪኝ» አልኳት። ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ ጆሮዋ ላይ አስጠጋችው፤ ወዲያው ደግሞ አራቀችው።

«አባዬ፣ አያንሾካሽኩም።»

«ያንሾካሽካሉ።»

«ኦስሞ ሊጮህ ምንም አልቀረው። እዚህ ሆነህ አትሰማም?» ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። እኔ የሰማሁት እም እም ነው። እሷ ፊት ፊቴን ታየኝ ጀመር፣ የሆነ ነገር እንደሚያነብ ሰው።

ከዚያ እያቆመች፣ አንድ አንድ አረፍተ ነገር፣ ነገረችኝ። እንዳለችው እጽፈዋለሁ።

ራውኖ፦ «ዛሬ ንገረው።»

ኦስሞ፦ «አንተ ንገረው።»

ራውኖ፦ «እኔ ከበሮ መቺ ነኝ።»

ኦስሞ፦ «ምን ልበለው? የመረጥከው ድምፅ ጆሮ ይበሳል፣ ከሳሙሊ በገዛሁት ቡሽ ደፍነን በኮፍያ ሸፍነን ነው አብረንህ የምንቆመው ልበለው? ሰውዬው ያለው እሱ ብቻ ነው። ይህን ከወሰድኩበት ምን ይቀረዋል?»

ራውኖ፦ «እስካሁን ማዞሪያ ነበር። ማክሰኞ ሰው ሊሆን ነበር።»

ኦስሞ፦ «አውቃለሁ። አውቃለሁ አልኩህ።»

«ከዚያ?» አልኳት።

«ከዚያ አንዱ ይናፈጣል። ማን እንደሆነ አላወቅኩም።»

ተነስቼ ሳህን አጠብኩ። የታጠበ ሳህን። ሄልካ ከኋላዬ የሆነ ነገር ተናግራለች፣ ስዞር አፏ ገና እየተዘጋ ነበር። «ምን አልሽ?» አላልኳትም። ፈራሁ።

ማርች 2፣ እሑድ

አድሬ አሰብኩበት። ልጅ በቀላሉ ትታለላለች። ኦስሞ ቀድሞ ደውሎላት ቢሆንስ? ቅጂውን እንደፈለገች ብትተረጉመው እኔ በምን አውቃለሁ? የገዛ ልጄን እንዲህ እጠረጥራለሁ፣ ምን ዓይነት አባት ነኝ። ጽፌዋለሁ፣ አልሰርዘውም።

ከሰዓት ኦስሞ በሩ ላይ ቆመ፣ ዓሣ ውስጡ የተጋገረበት ዳቦ በፎጣ ጠቅልሎ። ሄልካ ናት የጠራችው። ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ይዟል። ትይዩ ተቀመጥን። እኛ ሁለታችን ሳንነጋገር ሦስት ሰዓት መቀመጥ እንችላለን፤ በዚህ ሁሌም ስንኮራ ነው የኖርነው።

«ማዞሪያዬን ነክተሃል» አልኩት።

«ነክቻለሁ።»

«ስንት ጊዜ?»

«ሁልጊዜ።» ዳቦውን ወደ እኔ ገፋው። «ከሴፕቴምበር ጀምሮ። አሮጌው ፔዳልህም አልሞተም፣ ታርሞ። መጠለያው ውስጥ የተውከውን ቤቴ ወስጄ ሰክቼው ነበር፤ እንደ ሰይጣን ይጮሃል።»

«ታዲያ ለምን አትናገርም?»

«አንተ ብትሆን ትናገር ነበር?»

 መልሱን ሁለታችንም እናውቃለን። የዛሬ አሥር ዓመት የኦስሞ የዘፈን ድምፅ መሰበር ሲጀምር እኔም ዘፈኖቹን አንድ እርከን ዝቅ አድርጌ «እንዲህ ሲሆን የጊታሩ ክር ድምፅ ይወፍራል፣ ይከብዳል» አልኩት እንጂ ሌላ አላልኩም። እስካሁን ስለ ክሩ ይመስለዋል። ይመስለኛል።

«ስቱዲዮው ይቅር?» አልኩት።

«ያለ አንተ ነው የሚቀረው። ከአንተ ጋር ከሆነ አይቀርም። ብቻ ተመርመር።»

እመረመራለሁ አልኩት። ተሸንፌ አይደለም። ውጤቱን በወረቀት ይዤ ሐሙስ የብረቱ በር ላይ እለጥፍላቸዋለሁ። ያን ጊዜ ማን ይቅርታ እንደሚጠይቅ እናያለን።

ማርች 5፣ ረቡዕ

የጆሮ ምርመራ፣ ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት። ኦስሞ በመኪናው ወሰደኝና መጠበቂያው ጋ ቀረ።

ልጅ እግር ነርስ ናት። ግድግዳው ስፖንጅ የለበሰ ጠባብ ክፍል አስገባችኝ፣ የጆሮ ማዳመጫ አጠለቀችልኝ፣ የመጫኛ ቁልፍ እጄ ላይ ሰጠችኝ። ፊቴን እያየች፣ ቃላቱን እየለያየች ነው የምታወራው። «ድምፅ በሰሙ ቁጥር ይጫኑ። በጣም ቀጭን ቢሆን እንኳ። ከቀኝ እንጀምራለን።» በሩን ዘጋችና ከመስታወቱ ማዶ ተቀመጠች።

ወፍራም ድምፅ መጣ፤ ተጫንኩ። ሌላ፤ ተጫንኩ። በጣም ደካማውንም ያዝኩት። እንዲህ ነው ጆሮ፣ አልኩ በሆዴ። ኦስሞ በመስኮት ቢያየኝ ብዬ ተመኘሁ።

ከዚያ ዝም አለ። እየጻፈች ነው አልኩ። ጠበቅኩ። ማሽኑ ተበላሽቶባት ይሆናል። ቀና ብላ ታየኛለች፣ ጎንበስ ትላለች፣ ደግሞ ቀና ትላለች። የሆነ ዘዴ ነው፤ ባልሰማ እንኳ እንድጫን አድርጋ «ይዋሻል» ብላ ልትጽፍ ነው፤ እኔ ግን አልሞኝላትም። ኦስሞ ከውጭ አናግሯት ይሆን? ጊዜው ረዘመ። እጄን አንስቼ ምልክት ሰጠኋት፤ ዝግጁ ነኝ፣ ጀምሪ።

በሩን ከፈተች። «ቀኙን ጨርሰናል» አለች። «አሁን ወደ ግራው እንሂድ።»

«መቼ ነው የሰጠሽኝ?» አልኳት። «ቀጫጭኖቹን?»

 «ሁሉንም ሰጥቼዎታለሁ» አለች፣ ቀስ ብላ።

ተመልሳ ተቀመጠች። አሁን ጣቷን አየሁ። ከመስታወቱ ማዶ የቀኝ እጇ ጣት ትወርዳለች፣ ትነሳለች። እኔ ዝምታ ነው ብዬ ስጠብቅ የነበረው ሁሉ እሷ ጣቷን ስታወርድ የነበረው ነው።

ለግራው ጣቷን አይቼ መጫን እችል ነበር። ስትወርድ መጫን፣ ስትነሳ መልቀቅ። አንድም አይስተኝም ነበር፤ ወረቀቱን በሩ ላይ እለጥፈው ነበር።

ወንበሩን ወደ ስፖንጁ ግድግዳ አዞርኩ፣ ዓይኔን ጨፈንኩና ጠበቅኩ።